እንዶድና የዘር ፍተሻ፤ የዶክተር አክሊሉ ለማ የምርምር ሕይወት

በሀገራችን የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከሕዝብ ልማድ ተነሥተው እስከ ዓለም የምርምር አደባባይ የደረሱ ሥራዎች ቢቆጠሩ፣ የዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድ ምርምር ከፊተኞቹ ተርታ ይሰለፋል። የግኝቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች፣ የእንዶዱ አረፋ፣ ከወንዙ በታች ሞተው የተገኙት ቀንድ አውጣዎች በብዙዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ከግኝቱ በኋላ የመጣውና ሩብ ምእት ዓመት የፈጀው ክርክር ግን እምብዛም አይነሣም። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር በሰው ላይ ምን ያደርሳል፣ በተለይም በሴል ውስጥ ያለውን የዘር ቅንብር አበላሽቶ ለነቀርሳ ወይም ለካንሰር በር ይከፍታል ወይ የሚል ነበር። ዶክተር አክሊሉ የዚህን ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሄዱበት መንገድ ከግኝታቸው እኩል ሊታወቅላቸው የሚገባ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ዶክተር አክሊሉ በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። ዓመቱ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሀገሪቱን የወረረበት ስለ ነበር፣ የሕፃንነታቸው ዘመን በጠላት ወረራ ሥር ያለፈ ነው። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ ሀገሪቱ ነፃነቷን አግኝታ የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች እንደገና በማቋቋም ላይ ነበረች። ከዚያ ትውልድ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ሀገር ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ሆነው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም ስለ ጥገኛ ተሕዋስያን በሚደረገው ጥናት ሠልጥነው የሳይንስ ዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ትምህርታቸውን እንደ ፈጸሙም በ1964 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ላይ ነበሩ።

የዚያን ጊዜ የምርምር ሁኔታ ምን ይመስል እንደ ነበር ማስታወስ ለፍርድ ይረዳል። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ስም ከተቋቋመ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት መታተም የጀመረውም በ1962 ነው። በላቦራቶሪ ሙያ የሠለጠነ ሰው ጥቂት፣ መሣሪያው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ፣ በሽታን የሚመለከተው ዕውቀትም አብዛኛው በውጭ ሰዎች የተሰበሰበ ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን አንድ ወጣት ተመራማሪ ሊሠራ ይችላል ተብሎ የሚጠበቀው፣ ሌሎች ያገኙትን መድኃኒት በሀገሩ ምድር ላይ መሞከር እንጂ ለዓለም አዲስ ነገር ማበርከት አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ ትኩረታቸውን የጣሉበት በሽታ ቢልሃርዚያ ነው። የበሽታው ትል በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ዕንቁላሉ ከሰገራ ወይም ከሽንት ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ ከዕንቁላሉ የወጣው እጭም በውሃ ውስጥ ወደሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ዘልቆ ይራባል። ከዚያም በብዙ እጥፍ በዝቶ ወደ ውሃው ይለቀቅና፣ ለመታጠብም ሆነ ለመስኖ ሥራ እግሩን ወደ ውሃው ያስገባውን ሰው ቆዳውን በስቶ ይገባል። ስለዚህ በሽታውን ለመግታት ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው። መካከለኛው ቤት ሲፈርስ ትሉ የሚያድርበት ያጣል።

በኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ዓይነት የቢልሃርዚያ ትሎች ይገኛሉ። አንደኛው አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ነው፤ ይህም ከአድዋ አንሥቶ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ በብዙ ቦታ ይታያል። ሁለተኛው የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ሲሆን፣ የሚገኘውም እንደ አዋሽና እንደ ዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በነቀርሳ ጥናት ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው። በ1911 ፈርጉሰን የተባለ በግብፅ የሚሠራ ሐኪም፣ በፊኛ ቢልሃርዚያና በፊኛ ነቀርሳ መካከል ግንኙነት መኖሩን አመልክቶ ነበር። ዕንቁላሉ በፊኛው ግድግዳ ላይ ተቀርቅሮ ሲቀር አካባቢው ለዓመታት ይቆጣል፤ ሴሎቹ እየሞቱና እየተተኩ ይኖራሉ፤ በዚህ ማቋረጫ በሌለው መቆጣት የሚፈጠሩት ንጥረ ነገሮችም የሴሉን የዘር ቅንብር ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ይህን ትል በ1994 ለሰው ነቀርሳ አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ክፍል መድቦታል። እንግዲህ ቢልሃርዚያን የሚዋጋ ሰው፣ በአንድ ወገን ነቀርሳንም የሚዋጋ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ስለ ቢልሃርዚያ ስርጭት ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። በዚያም ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ፣ ከእነርሱ በታች በኩል ባለው ውሃ ውስጥ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት እንደሚታዩ አስተዋሉ። ነገሩን በአጋጣሚነት አላለፉትም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ አደረጉና የእንዶዱን አረፋ ጨመሩባቸው፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። በወንዙ የታየው በላቦራቶሪ ሲደገም የመጀመሪያው እርምጃ ተፈጸመ። ውጤቱም በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በአጭር ዘገባ ወጣ።

እንዶድ ለኢትዮጵያ ደገኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከትግራይ እስከ ጎጃም፣ ከሸዋ እስከ ሐረርጌ፣ በአጥር ጥግና በጫካ ዳር እየተንጠላጠለ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ሲዘፈዘፍ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ሸማም ያነጣል። እንደ ደብረ ኤልያስ፣ እንደ ቢቸናና እንደ ሞጣ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም አገሮች፣ ፋብሪካ ሳሙና እንደ ልብ ከመገኘቱ በፊት የባላገሩ ነጠላና የቅኔ ተማሪው ቡልኮ የሚነጣው በዚሁ ፍሬ ነበር። የሀገር መድኃኒት ዐዋቂዎችም ለሆድ ትል ያዙታል። ይህ ሁሉ ዕውቀት በሕዝቡ እጅ ለዘመናት ኖሯል። ዶክተር አክሊሉ የጨመሩበት ነገር፣ ከልማዱ አንዱን ክፍል ነጥሎ የሚፈትን ጥያቄ ነው። ያም ጥያቄ ፍሬው በምን መጠን፣ በምን ያህል ሰዓት፣ በየትኛው ፍጡር ላይ ምን እንደሚያደርስ የሚለይ ነበር።

ጥያቄውን በተደራጀ መንገድ ለመከታተል ተቋም ያስፈልግ ነበርና፣ በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዲሬክተሩም ሆነው ሠሩ። ኢንስቲትዩቱ በእንዶድ ብቻ ሳይወሰን፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን የካላ አዛር በሽታና ሌሎች የሀገሪቱን ተላላፊ በሽታዎች ያጠና ጀመር። ከሁሉ በላይ ግን ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በሀገራቸው ምድር፣ በሀገራቸው በሽታ ላይ የምርምር ሙያ የሚማሩበት ቤት ሆነ። የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ የመስክ መረጃ ሰብሳቢና የእጽዋት ባለሙያ በአንድ ጉዳይ ላይ በአንድነት የሚሠሩበት ልማድ በዚያ ተተከለ።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ በፍሬው ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማውጣት ነበር። ይህ በአዲስ አበባ ባለው መሣሪያ ሊደረግ የማይቻል ስለ ሆነ፣ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ጋር ተባበሩ። ከእነዚህም አንዱ ሮበርት ፓርክኸርስት የተባለው ኬሚስት ነበር። የተገኘው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ከሚባሉት፣ አረፋ ከሚያወጡ የእጽዋት ቅመሞች ወገን ሆነ፤ በአግኚው ስምም ለማቶክሲን ተባለ። የሳፖኒን ባሕርይ የሴልን ሽፋን መሸንቆር ነው። ቀንድ አውጣንና ዓሣን የሚገድለውም በዚህ ነው። ልብስን የሚያነጣው አረፋና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው መርዝ ከአንድ ምንጭ የሚመነጩ መሆናቸው በዚህ ታወቀ።

በመስክ የተደረገው ፈተና ደግሞ በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 ድረስ አምስት ዓመት ቆየ። የከተማዋ ወንዞች በተወሰነ ጊዜ በእንዶድ ይታከሙ ነበር። በሥራው መጀመሪያ ከተመረመረው ሕዝብ 63 በመቶ የሚሆነው በሽታው ተገኝቶበት ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ 33 በመቶ ዝቅ አለ። በትንንሽ ሕፃናት ላይ የታየው ለውጥ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሕፃናት ከቀድሞ የተከማቸ ትል ስለሌላቸው፣ በእነርሱ ላይ የሚታየው ቁጥር የአዲስ ተያዦችን ሁኔታ በቅርብ ያመለክታል። ለመከላከል ሥራ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አይገኝም።

እዚህ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ወንዙ ልብስ የሚታጠብበት ብቻ አይደለም፤ ሰውና ከብት ይጠጡታል። በወንዙ ውስጥ ለዓመታት የሚጨመር ነገር በሰው ጤና ላይ ጉዳት የማያደርስ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። እናቶች ለዘመናት በእጃቸው ሲያሹት ኖረዋል የሚለው መልስ ለአንዳንዱ ጉዳት ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ዓይን ቢያቃጥል፣ ቆዳ ቢያሳክክ፣ ሆድ ቢያሳምም በሕዝቡ ዘንድ ይታወቃል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የሚመጣ በሽታ ግን ከምክንያቱ ጋር በልማድ ዕውቀት አይገናኝም። ነቀርሳም እንዲህ ያለ በሽታ ነው።

በዚያው ወቅት የነቀርሳ ጥናት በዓለም ላይ ትልቅ ለውጥ ላይ ነበር። ቴዎዶር ቦቬሪ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነቀርሳ ከአንድ ሴል እንደሚነሣና የዚያም ሴል ክሮሞሶሞች ሚዛን መዛባት ምክንያት እንደሚሆን አስቦ ነበር። ሐሳቡ ለብዙ ዘመን ማረጋገጫ አላገኘም። በ1960 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ኖዌልና ሀንገርፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ በአንድ ዓይነት የደም ነቀርሳ ሕመምተኞች ሴል ውስጥ አጥሮ የሚታይ ክሮሞሶም አገኙ። በ1973 ደግሞ ጃኔት ራውሊ የተባሉት የቺካጎ ሐኪም፣ ያጠረው ክሮሞሶም ክፍሉን ለሌላ ክሮሞሶም ሰጥቶ በለውጡ የተገኘ መሆኑን አስረዱ። በዚህም ነቀርሳ በሴል የዘር ቅንብር ላይ የሚደርስ ብልሽት መሆኑ እየጠራ ሄደ። ከዚያም የሚከተለው ጥያቄ፣ በየዕለቱ ከምንበላው፣ ከምንጠጣውና ከምንነካው ነገር ውስጥ ይህን ብልሽት የሚያመጣው የትኛው ነው የሚል ሆነ።

ለዚህ ጥያቄ ፈጣን መልስ የሚሰጥ ዘዴ ያቀረቡት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ያስተምሩ የነበሩት ብሩስ ኤምስ ናቸው። የዘዴው አሠራር ለላቦራቶሪ ባለሙያ ግልጽ ነው። ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ በራሱ መሥራት የተሳነው የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ይወሰዳል፤ ሂስቲዲን በሌለበት ምግብ ላይም ይዘራል። ባክቴሪያው እንዲህ ባለ ምግብ ላይ ሊያድግ አይችልም። የሚፈተነው ቅመም ሲጨመርበት የባክቴሪያው የዘር ቅንብር ከተለወጠ ግን አንዳንዶቹ የጠፋባቸውን ችሎታ መልሰው ያገኙና በሳህኑ ላይ ነጠብጣብ ሆነው ይበቅላሉ። ነጠብጣቡን መቁጠር የቅመሙን ዘር ለዋጭነት መለካት ነው። አንዳንድ ቅመም ጉዳት የሚያደርሰው በጉበት ከተለወጠ በኋላ ስለ ሆነ፣ ከአይጥ ጉበት የተዘጋጀ ፈሳሽ ይጨመርበታል። እንስሳትን ለዓመታት በመመገብ የሚደረገው ፈተና ብዙ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ይህ በሁለት ቀን ውስጥና በጥቂት ወጪ ይፈጸማል። በ1973 ኤምስና ባልደረቦቻቸው ነቀርሳ አምጪ የሚባሉ ነገሮች አብዛኞቹ ዘር ለዋጮች መሆናቸውን አሳይተው ነበር።

ዶክተር አክሊሉ እንዶድን ለዚህ ፈተና አቀረቡት። ውጤቱም በእሳቸውና በኤምስ ስም በ1975 በለንደኑ የንጉሣዊ የትሮፒካል ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ፣ ስለ አንዳንድ ቀንድ አውጣ ገዳዮች ዘር ለዋጭነት በሚመረምር አጭር ጽሑፍ ታተመ። እንዶድ በዚህ ፈተና የዘር ለውጥ የማምጣት ምልክት አልታየበትም። ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ በእንዶድ ታሪክ ውስጥም ጥቂቶች ብቻ ያነሡታል። የሥራው ቁም ነገር ግን ከገጹ ብዛት ይበልጣል። ዘዴው ገና አዲስ በነበረበት ወቅት፣ የሀገሩን ተክል በፈቃዱ በዚያ ሳህን ላይ ያስቀመጠ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ነበር ማለት ነው። ፈተናው ሌላ ውጤት ቢያሳይ ኖሮ የዐሥር ዓመት ልፋት በሁለት ቀን ሊፈርስ ይችል ነበር። ግኝቱን የሚወድ ተመራማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱ የግኝቱ ከሳሽ መሆን እንዳለበት በተግባር አሳዩ።

የዚያ ፈተና ወሰንም መታወቅ ይገባዋል። ባክቴሪያ ሰው አይደለም፤ በባክቴሪያ ላይ ለውጥ አለማምጣት በሰው ላይ ነቀርሳ ላለማምጣት የመጨረሻ ዋስትና አይሆንም። እንደዚሁም በባክቴሪያ ላይ ለውጥ ያመጣ ሁሉ በሰው ላይ ነቀርሳ ያመጣል አይባልም። የዓለም አቀፍ የጤና ባለሥልጣናትም ከዚህ የሰፋ ማስረጃ ጠየቁ። አንድ ቀንድ አውጣ ገዳይ በወንዝ ላይ እንዲሠራበት ከመመከሩ በፊት፣ በተወሰነ ሥርዓት በተመሰከረለት ላቦራቶሪ ውስጥ በእንስሳት፣ በዓሣና በሌሎች ፍጥረታት ላይ ሊመረመር ይገባል ተባለ። ጥያቄው በራሱ ትክክል ነበር። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ በኢትዮጵያ አለመኖሩና ወጪውም ከአንድ ድሀ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ዐቅም በላይ መሆኑ ነው። በገበያ ላይ የነበረው ኒክሎሳማይድ የተባለው ቅመም ከኋላው ትልቅ የኬሚካል ኩባንያ ነበረው፤ የእንዶድ ባለቤት ግን ባላገር ነው። ባላገር ለምርመራ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፤ ኩባንያም በማንም አጥር ላይ የሚበቅል ፍሬ ትርፍ ያስገኝልኛል ብሎ አይከፍልም።

ይህ ክርክር ሳይቋጭ በሀገሪቱ የ1974ቱ አብዮት ፈነዳ። ዶክተር አክሊሉም በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ ከሀገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሳይንስንና ቴክኖሎጂን ለልማት በማዋል ሥራ ላይ ተሰማሩ። ኋላም በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል በምክትል ዲሬክተርነት አገልግለዋል። የቢሮ ሥራቸው ከእንዶድ አልለያቸውም፤ በየስብሰባውና በየጽሑፉ ጉዳዩን እያነሡ ደጋፊ ይፈልጉለት ነበር።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሥራው አልተቋረጠም። በኢንስቲትዩቱ የሚሠሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማልማትና በማወዳደር፣ በምርትም በኃይልም የበለጠውን መረጡ፤ ይህም ዓይነት 44 የሚል መጠሪያ አገኘ። ለባላገሩ ዓይን ሁሉም እንዶድ አንድ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው የዘር ልዩነት ግን የመድኃኒቱን ኃይል የሚወስን ሆኖ ተገኘ። ዶክተር አክሊሉ የጀመሩትን ሥራ ሌላ ኢትዮጵያዊ በሀገር ውስጥ ቆይቶ ወደ እርሻ ደረጃ ማድረሱ፣ ኢንስቲትዩቱ በአንድ ሰው ላይ ያልተንጠለጠለ መሆኑን መሰከረ።

በ1980ዎቹ ዓመታት ጉዳዩ ከኢትዮጵያ አልፎ የአፍሪካ ጉዳይ ሆነ። ዶክተር አክሊሉ ከስዋዚላንዷ ኬሚስት ከሊዲያ ማኩቡና ከአሜሪካዊው የጥገኛ ተሕዋስያን ሊቅ ከዶናልድ ሄይነማን ጋር በመሆን፣ ስለ እንዶድ የተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ውጤትን በ1987 በመጽሐፍ አሳተሙ። የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከልም ለተፈለገው የደኅንነት ምርመራ ድጋፍ ሰጠ። በ1991 የታተመው የምርመራው ውጤት ከሞላ ጎደል ቀድሞ የተባለውን አጸና። ፍሬው በአፍ ሲገባ በአጥቢ እንስሳት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ዘር ለዋጭነትም አልታየበትም። ዓይንን ግን ያቃጥላል፤ ዓሣንም ይገድላል። በአድዋ ከታየው የመጀመሪያው ምልክት እስከዚህ ማስረጃ ድረስ 27 ዓመት አለፈ።

ዓለም ለሥራው ዕውቅና የሰጠው በ1989 ነው። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል እያሉ የሚጠሩትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስቶክሆልም ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ የሕክምና የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ማይክል ቢሾፕና ሀሮልድ ቫርመስ ነበሩ፤ እነርሱም የተሸለሙት ነቀርሳን የሚቀሰቅሱት ጂኖች ከጤነኛ ሴል ጂኖች የመነጩ መሆናቸውን በማሳየታቸው ነው። አንዱ ሥራ ነቀርሳ በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚነሣ ገለጸ፤ ሌላው ድሀ ሕዝብን ከሚያጠቃ በሽታ ለመጠበቅ የሚያስችል ርካሽ መሣሪያ አቀረበ። የሁለቱ ዐቅምና ድጋፍ ግን ሰማይና ምድር ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንዶድ ያልታሰበ ጥቅም ተገኘለት። ከመርከብ ጋር ከአውሮፓ ተሻግሮ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ የተራባ፣ የውሃ ቧንቧዎችን የሚደፍን ዛጎል ለበስ ፍጡር ነበር። በኦሃዮ ግዛት በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አክሊሉ ከዚያው ባለሙያዎች ጋር በእንዶድ ሞክረውት ፍጡሩን የሚጎዳ ሆኖ አገኙት። በዚህም አሠራር ላይ ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚህ በኋላ ነው የኢትዮጵያ ባላገር ጠብቆ ያቆየው ዕውቀት በውጭ ሀገር ሕግ ጥበቃ ሲያገኝ፣ ባላገሩ ምን ድርሻ አለው የሚል ክርክር የተነሣው። ይህ ክርክር ዛሬም በእጽዋት ሀብት ጉዳይ በሚነጋገሩ ሰዎች መካከል እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል።

ስለ እንዶድ ሲነገር የሥራውን ፍጻሜ ከልክ በላይ ማግነን ለሳይንስ አይበጅም። ፕራዚኳንቴል የተባለው በአንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ከ1980ዎቹ ወዲህ እየረከሰ በመሄዱ፣ የቢልሃርዚያ መከላከል ሥራ ፊቱን ወደ ሕክምና አዞረ። እንዶድ በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ በሰፊው የሚሠራበት መሣሪያ ሳይሆን ቀረ። ዓሣን መግደሉም ዓሣ በሚሠገርባቸው ወንዞችና ሐይቆች ላይ እንዳይውል አድርጎታል። ሆኖም መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና መያዙ አልቀረም፤ ቀንድ አውጣውን የመቆጣጠር ነገርም ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ አልሆነም።

ዶክተር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው ደጋግመው የተከራከሩት ስለ አንድ ፍሬ ብቻ አልነበረም። ያሳሰባቸው፣ አፍሪካዊ ተመራማሪ ያገኘውን ነገር ዓለም እንዲቀበለው በሌሎች ሀገሮች ላቦራቶሪ፣ በሌሎች ገንዘብና በሌሎች የጊዜ ሰሌዳ መመስከር ያለበት መሆኑ ነው። የመመርመሩን ግዴታ አልተቃወሙም፤ ራሳቸው ቀድመው የተሻሙት ግዴታ ነውና። የተቃወሙት መርማሪው ሁልጊዜ ሩቅ መሆኑን ነበር። ያ ርቀት በጊዜ ሲለካ በእንዶድ ላይ ሩብ ምእት ዓመት ፈጀ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በአድዋ የተወለደ ሕፃን አድጎ ልጅ ይወልዳል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያቋቋሙት ተቋም አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል። በሀገሪቱ ውስጥ በየአጥሩ የሚበቅለው፣ በየገበያው ለመድኃኒትነት የሚሸጠው ቅጠልና ሥር ብዙ ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደሚፈውስ፣ የትኛው ደግሞ ሳይታወቅ የሴልን ዘር እያበላሸ ለነቀርሳ እንደሚዳርግ ለመለየት፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ማጣሪያ በሀገር ውስጥ ላቦራቶሪ መሥራት ይቻላል፤ ሂስቲዲን የጎደለው ምግብ፣ ጥቂት ሳህንና ትዕግሥት ያለው የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። እኚህ ሊቅ እንዶድን ለፈተና ይዘው ውቅያኖስ ተሻገሩ። ከእሳቸው በኋላ የሚመጣው የሙያ ባልደረባ ይህን ጉዞ ሳያስፈልገው እንዲቀር ማድረግ፣ ለስማቸው ከሚቆም ሐውልት ሁሉ የሚበልጥ መታሰቢያ ይሆናል።